ሰባተኛው አንጓ

ሰኔ ሦስት፣ ሱባ ጫካ። ሌቱን ሙሉ የጣለ ዝናብ
ከጥዱ ጢም ጫፍ ላይ ገና ጠብ፣ ገና ጠብ።
የደን ጠባቂው ዱጋሳ ከፊቴ ከፊቴ ይሄዳል፣
ዓይኑ መሬት መሬቱን፣ ጆሮው ጉሬዛ ያደምጣል።
እኔ ከኋላው ነኝ፤ ባለ ብልቃጥ፣ ባለ ወረንጦ፣
አጉሊ መነጽሬ በጫማ ክር ታስሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ።
«ወርቅ ጠፍቶብሽ ነው ወይ?» ብሎኝ ነበር ትናንትና፣
ዛሬ እሱ ነው የቀሰቀሰኝ፦ «የወደቀ ኮሶ አለ፣ ነይ ተነሺና!»

ግንዱ ከወደቀ አራተኛ ክረምቱ ነው አለኝ።
ቅርፊቱን እንደ ቁስል ፋሻ እያባበልኩ ገለጥኩኝ፦
ነጭ ሻጋታ፣ የእንጉዳይ ሽታ፣ የእንጨት ዱቄት፣
እንደ ቀለበት የተጠቀለለች አንዲት ሺህ እግር ከፍርሃት፣
ከሥሯ ደግሞ እሱ።

ጥቁር። ቆይ፣ ልመልሰው ቃሉን፤
ፀሐይ በቅጠል መሃል ሾልካ ስትነካው ጎኑን
ጥቁር አልነበረም። ክረምት ሲገባ ታክሲ ተራ
ኩሬ ላይ የሚንሳፈፍ ነዳጅ ያለው ዓይነት ጮራ፤
አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ መዳብ።

መጽሐፌን አወጣሁ። ጠያቂ ነው፣ እንደ መርማሪ፦
«የአንቴናው ጫፍ ዱላ ይመስላል? ወደ ዘጠኝ ተሻገሪ።
ክር ከመሰለ ወደ አሥራ አራት። የእግሩን ጫፍ አንጓ ቁጠሪ።»
አራት መሰለኝ። አምስተኛዋ ከሁለቱ መሃል ተደብቃ ነበር።
ሠላሳ ላይ ስደርስ «የደረቱ ጠርዝ ጥርስ አለው?» ይላል፤
አለው ቢባል ያስዋሻል፣ የለውም ቢባል ያስዋሻል።
መጽሐፉ የተጻፈው በሌላ አገር ጫካ ነው፣ ለሌላ አገር ዛፍ፤
ኮሶን አያውቅም፣ ሰኔን አያውቅም። ጣቴ ከገጽ ገጽ ሲያልፍ
ዱጋሳ ተንበርክኮ አየው።
«ይሄማ» አለ «የሞተ ኮሶ እንጂ የቆመ አይነካም፤
የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል ደጅ አይወጣም።
ስትይዢው ይጮኻል፣ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ፤
አባቴ ‹አናጢው› ነበር የሚለው፣ ባለ መጋዝ፣ ባለ መቆፈሪያ።»
ያዝኩት።
ጮኸ።

ብልቃጡን ስከፍት አልኮሉ ሸተተው፤
«ስሙን ለመጠየቅ ነው እንዴ የምትገድይው?»
መልስ ነበረኝ። ስለ ሙዚየም፣ ስለ መርፌ፣ ስለ መለያ ወረቀት፣
በየዓመቱ ወደ ደኑ ስለሚጠጋው የቆርቆሮ ቤት፣
ሳይቆጠር የጠፋ ነገር «ጠፋ» ባይ እንደሌለበት።
አልመለስኩም። በሌላው ብልቃጥ፣ አልኮል በሌለበት፣
ከነሕይወቱ ከተትኩት። እወስናለሁ አልኩኝ፣ ነገ ጠዋት።

ከሰበታ አየር ጤና፣ ኋላ ወንበር አራት ሆነን፣
ዓለም ገና ስናልፍ አንዲት ሴትዮ ጮኸችብን።
ክዳኑን አላጠበቅኩትም። ከፊታችን ወንበር ጀርባ፣
እሱ ሆዬ ሽቅብ ያዘግማል፣ አንቴናውን እያርገበገበ።
«በረሮ ነው!» አለች ሴትዮዋ።
«ጢንዚዛ ነው» አለ ተማሪው።
«ሒሳብ ከፍሏል?» አለ ረዳቱ።
ጥጉ ላይ ያሉት ሽማግሌ ግን ቆብ እንደማውለቅ ቃጣቸው፦
«ልጅ ሳለን በክር አስረን... ስሙ... ምነው? ጠፋኝ ስማቸው።»
እኔ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ደግኜ፣ አቀርቅሬ፣
አንቴናውን እቆጥራለሁ፣ ከመኪናው ጋር እየተናጥኩ አብሬ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ጉድጓድ። እንደገና አንድ።
ካራ ቆሬ ላይ «ወራጅ!» ተባለ፣ በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ፤
ሰባተኛው አንጓ ላይ ነበርኩ፣ የጀርባው መዳብ ለሁለት ተከፈለ፣
ከሥሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ክንፍ ወጣ።
ሴትዮዋ አጎነበሰች። ረዳቱም አጎነበሰ።
ሄደ።

ማታ፣ ከሩዝ ፍሬ ባነሰ ፊደል፣ መለያውን ጻፍኩኝ፦
ሱባ። ሰኔ ሦስት። የወደቀ ኮሶ፣ ከቅርፊቱ ሥር።
ያገኘው፦ ዱጋሳ ቂልጡ።
ስም፦ አናጢው። አንጓ፦ ሰባት፣ ምናልባት ከዚያም በላይ።
መርፌ ወጋሁበትና ተከልኩት፣ ወረቀቱን ብቻ፣ ከሳጥኑ ጥግ ላይ።